አብረን ላቃጠልነው ሸክላ ኪሳራውን ማን ይሸከም?

የወለቃዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ ነው የምኖረው። አያቴም እናቴም ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ እኔም ጭቃ እየረገጥኩ ነው ያደግሁት። (ድሮ «ቡዳ» ይሉን ነበር፣ አሁን «አርቲስት» ይሉናል። ጀበናው ያው ነው።)

14 ሴቶች ሆነን ማኅበር ቢጤ ጀምረናል። ስልጠናም ሰጥተውናል፤ 10 ቀን፣ በመብራት በሚዞር ማሽን። ማሽኑ ከአሠልጣኞቹ ጋር ሄደ፣ ሰርተፍኬቱ እኛ ጋ ቀረ። እሱን ተዉት።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኩበትና እንጨት በጋራ ገዝተን ባንዴ ነው የምናቃጥለው። ባለፈው ነፋስ ተነሳና ከ42 ጀበና 11ዱ ነቃ። ሰባቱ የአንዲት እናት ናቸው። እሳቸው «እሳቱ የጋራ፣ ኪሳራውም የጋራ» ይላሉ፤ የማኅበሩ ልጆች ደግሞ «ሳይደርቅ አምጥተው ነው» ይላሉ። ይኸው ተኮራርፈን ቡና እንኳ አብረን አንጠጣም። እንዲህ የገጠመው አለ?

ባለመወርወሪያ፦
እኛን ሸማኔዎቹን የበተነን ክር ነው። ማን ስንት ልቃቂት እንደወሰደ የጻፈ አልነበረም። በኅብረት ሥራ አዋጅ 985/2009 ተመዝገቡ፤ ብዙ ዕጣ (የማኅበሩን ድርሻ) የገዛም አንድ ድምፅ ነው ያለው። የነቃውን ነገር ግን አዋጅ አይፈታላችሁም፣ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ራሳችሁ ጻፉት።

እመት ገንቦ፦
ልጄ፣ ከመጣላታችሁ በፊት ገሉን እዩት። ቅርፊት ጥሎ የፈነዳ ከሆነ ውስጡ እርጥብ ነበር፤ የሠሪዋ ነው። ስንጥቁ አፉ ሰፋ፣ ጠርዙ ለስለስ ካለ ቀድሞ ፀሐይ ላይ የነቃ ነው፤ እሱም የሠሪዋ። እንደ ምላጭ ስለት ከሆነ ግን እሳቱና ነፋሱ ነው፣ ሁላችሁም ትካፈሉታላችሁ። ለወደፊቱ እያንዳንዷ መቀመጫው ላይ በሚስማር ምልክቷን ታድርግ። አሮጌ ገል ወቅጣችሁ ጭቃው ውስጥ ጨምሩ፣ ስንጥቁ ይቀንሳል።

የወለቃዋ፦
እመት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገሉን ከጓሮ ለቅሜ አየሁት። ከእሳቸው ሰባት አራቱ ቅርፊት ጥለዋል፣ ሦስቱ ስለት ናቸው። ልጆቹም እውነት አላቸው ማለት ነው፣ በግማሽ። ግን እኚህ እናት ያላቸው አንዲት ክፍል ናት፤ በጥላ የሚያደርቁበት ቦታ የላቸውም፣ እና አራቱን እሳቸው ላይ መጣል ከበደኝ። እናቴ ቤት ጀርባ ዳስ አለ፣ ሁሉም እዚያ አምጥቶ ያድርቅ ልላቸው ነው። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቡና አፍልቼ እጠራቸዋለሁ። በማን ጀበና እንደማፈላ ግን ገና አልወሰንኩም።