የአባቴ ምንሽርና የእኔ ሽጉጥ

ጥያቄ፦ የሌሊት ፈረቃ

ሰላም ናችሁ? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ልጅ ገብቶ ሽጉጥ ደቀነብኝ። ያለውን ብር አውጥቼ ሰጠሁት። እጁ ከእኔ እጅ የበለጠ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የበሩ ደወል ባቃጨለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ሽጉጥ ልገዛ አስቤያለሁ። ግሪን ካርድ ስላለኝ ሕጉ አይከለክለኝም። ባለቤቴ ግን «እሱ በዚህ በር ከገባ እኔ ልጄን ይዤ እወጣለሁ» ብላኛለች። ልጃችን ስድስት ዓመቱ ነው።

ያደግሁት ጎጃም ነው። የአባቴን ምንሽር ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ነው ያደግሁት። በእኛ አገር መሣሪያ የሌለው ወንድ ከሰው አይቆጠርም ነበር። ታዲያ እኔ ራሴን ብጠብቅ ምን ነውር አለው? እስኪ ከልባችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ባለታክሲው

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ! እኔ አለኝ። እዚህ ስቴት ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ ፈቃድ ታወጣለህ። አሻራ ትሰጣለህ፣ ቢያንስ አራት ሰዓት ትሠለጥናለህ። ከዚያ ለመረከብ ሰባት ቀን ትጠብቃለህ። ታጥቆ ለመውጣት ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለው። ጣጣው ብዙ ነው፣ መብቱ ግን ያንተ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤትህን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ የግል መብትህ ነው ያለው እዚሁ ጎረቤታችን ዲሲ በተነሣ ክስ ነው። ፖሊስ እስኪደርስ ማን አለህ?

መልስ፦ እህትህ ከአትላንታ

እኔ ወንድሜን ያጣሁት በሽጉጥ ነው። ሌባ አይደለም የገደለው። ለሌባ ብሎ በገዛው ሽጉጥ ራሱን አጠፋ። ያን ቀን ማታ ደውሎልኝ ስለ ዶሮ ወጥ ስናወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ከግማሽ በላይ እንደሱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። መብትህን አልከራከርህም። ግን አሁን ደንግጠሃል፣ እንቅልፍ የለህም። እባክህ በዚህ ሰዓት አትግዛ። መጀመሪያ ሐኪም አነጋግር።

መልስ፦ አዛውንቱ

ልጄ፣ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ። ደም መቃባት ነበረብን፣ አልዋሽህም። ግን ስንታጠቅ ብቻችንን አልነበርንም። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል፣ እናቶች ነጠላቸውን አንጥፈው ይለምናሉ። እዚህ አንተና መሳቢያህ ብቻ ናችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የአባትህ ጥይት ማን ዘንድ ነበር የሚቀመጠው?

ጠያቂው፦ የሌሊት ፈረቃ

አባባ፣ ይህን ሲጠይቁኝ እንባዬ መጣ። እናቴ ዘንድ ነበር። በጨርቅ ቋጥራ ጓዳ፣ ከጤፉ ጎታ ውስጥ ትቀብረው ነበር። አንድ ማታ አባቴ በድንበር ተጣልቶ እየጮኸ ገባ። «ጥይቴን አምጪ!» አላት። «የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ» አለችው። ኩራዝ ይዛ ሌሊቱን ሙሉ አብራው ስትፈልግ አደረች። ሲነጋ ሽማግሌዎች መጡ።

ዛሬ ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። ለአለቃዬም ሌሊት ሁለት ሰው ይመድብ፣ ካሸሩ ፊት ጥይት የማይበሳው መስታወት ይግባ ብዬ ጽፌያለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።