ምንጣፍ ላይ የሚሸና፣ ሶፋ የሚቧጭር የድመት ግልገል እንዴት ይገራል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ወር ገደማ የሆነው ወንድ የድመት ግልገል በቅርቡ ወደ ቤታችን ገብቷል። ጤናማ ነው፤ በደንብ ይበላል፤ ስሙን ሲሰማም እየሮጠ ይመጣል። የቸገረን ቤቱን በንጽሕና መያዝ ነው። የአሸዋ ሳጥኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምበት ቢሆንም አልፎ አልፎ በመኝታ ክፍላችን ምንጣፍ ላይ፣ ያውም ሁልጊዜ በዚያው አንድ ጥግ ይሸናል፤ ቦታውን በረኪና ባለው ውኃ ብናጥበውም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። ሳጥኑን በተጠቀመ ቁጥር አሸዋውን እየቆፈረ በወለሉ ላይ ይበትናል፤ የአበባ ማሰሮዎቹን አፈር ይዝቃል፤ የሶፋውን ክንድ ይቧጭራል፤ መጋረጃ ላይ ይንጠላጠላል፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ከብርድ ልብስ ሥር የተንቀሳቀሰውን እግር ሁሉ ዘሎ ይነክሳል።

አንዳንድ ዘመዶቻችን ባጠፋ ጊዜ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እያሸን እንድንቆጣው፣ ሌሎች ደግሞ ውኃ እንድንረጭበት ይመክሩናል። እኔ እንስሳውን ማስፈራራት አልፈልግም፤ ነገር ግን ሁሉም ከዕድሜው ጋር በራሱ ያልፋል ብሎ ዝም ማለቱም ልክ አልመሰለኝም። ድመት ያሳደጋችሁ ሰዎች፣ ከእነዚህ ልማዶች የትኞቹ በጊዜ የሚተዉ፣ የትኞቹ ደግሞ ከአሁኑ መታረም ያለባቸው እንደሆኑ፣ በተለይም የምንጣፉን ነገር እንዴት እንደምናስተካክለው ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ዓመታት ግልገሎችን ተቀብዬ አሳድጌ ለሌሎች ቤተሰቦች ስሰጥ ስለኖርሁ የማውቀውን ልንገርዎት። ቅጣቱን ባለመፈለግዎ ትክክል ነዎት። ግልገል ድመት አሁን የደረሰበትን ቁጣ ቀደም ሲል ካደረገው ነገር ጋር ማገናኘት አይችልም፤ የሚማረው ነገር ቢኖር እርስዎ ባሉበት መሽናት አደገኛ መሆኑን ነው። ስለዚህም ሽንቱን ከሶፋ ጀርባ ወይም ከአልጋ ሥር መደበቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ችግሩ ከአሁኑ ይብሳል።

ወደ ምንጣፉ ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተካክለው እሱን ነውና። ግልገሉን ወደዚያ ጥግ የሚመልሰው እዚያ የቀረው ሽታ ነው። በድመት ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ለእኛ አፍንጫ ጠፍቶ ሳለ ለእሱ ግን በግልጽ ይሸተዋል፤ አየሩ ሲረጥብ ደግሞ እንደገና ይነሣል። አሞኒያ ያለባቸው ማጽጃዎች ራሳቸው እንደ ሽንት ስለሚሸቱ ቦታውን መጸዳጃ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርጉታል። በረኪናውን ደግሞ ፈጽሞ ቢተዉት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሽንት ሲፈርስ ከሚወጣው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ፣ የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። የሚሻለው በመጀመሪያ እርጥቡን በጨርቅ ወይም በወረቀት እየተጫኑ ማስመጠጥ፣ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ለእንስሳት ሽንት ተብሎ የተሠራ ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚያፈርስ ንጥረ ነገር) ያለበት ማጽጃ እስከ ምንጣፉ ሥር ድረስ እንዲዘልቅ አፍስሶ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ መተውና በራሱ እንዲደርቅ ማድረግ ነው። ኢንዛይሙ ሥራውን ለመሥራት ጊዜ ስለሚፈልግ ወዲያው አፍስሶ ወዲያው መጥረግ ከንቱ ድካም ነው። ቦታው ከደረቀ በኋላ የግልገሉን የምግብ ሳህን ወይም መኝታ ለጊዜው እዚያው ጥግ ላይ ያኑሩለት፤ ድመት በሚበላበትና በሚተኛበት አጠገብ መጸዳዳትን አይወድምና።

ሳጥኑንም ይመርምሩ። ድመት ከሳጥኑ ውጭ ሲሸና እኔ ሁልጊዜ ከድመቱ በፊት ሳጥኑን እጠይቃለሁ። የት ተቀምጧል? በቀን ስንት ጊዜ ይጸዳል? አሸዋው ሽቶ አለው? ለአንድ ድመት ሁለት ሳጥን፣ ለሁለት ድመት ሦስት፣ ማለትም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ የሚበልጥ ሳጥን እንዲኖር ይመከራል፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ግን ለእሱ እንደ አንድ ናቸው። ትንሽ ግልገል ሽንቱ ሲመጣበት ረጅም መንገድ መሄድ ስለማይችል አንደኛው ሳጥን ወደ መኝታ ክፍሉ ቢቀርብ ችግሩ በግማሽ ሊቃለል ይችላል። አሸዋው ሽቶ የሌለው፣ ደቃቅ፣ ጥልቀቱም ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሰገራውና እርጥቡ አሸዋ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ መነሣት አለበት፤ ሳጥኑ ደግሞ በየሳምንቱ ባዶ ሆኖ ብዙ በማይሸት ሳሙና ይታጠባል። ስለሚበተነው አሸዋ፣ ሦስት ጎኑ ከፍ ያለ፣ የመግቢያው ጎን ብቻ ዝቅ ያለ ሳጥን ይፈልጉለት፤ ከመግቢያው ፊት ለፊትም ሸካራ ምንጣፍ ቢያነጥፉ በመዳፉ መካከል የያዘው አሸዋ እዚያው ይራገፋል። መቆፈሩን ግን ሊያስተዉት አይሞክሩ፤ ቆፍሮ መቅበር የምንፈልገው ጠባዩ ነው።

ሁለተኛው መልስ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ንክሻውና ስለ መቧጨሩ ልጨምር። ድመት ከሁሉ ይልቅ የሚነቃው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የሚያድናቸው ትናንሽ እንስሳት የሚንቀሳቀሱት በእነዚያ ሰዓታት በመሆኑ ሰውነቱ ለዚያ ተሠርቷል። ስለዚህ ከብርድ ልብስ ሥር የሚንቀሳቀስ እግር ለእሱ አደን ነው። ሊያጠፉት የማይችሉትን ነገር ወደ ሌላ ሰዓት ሊያዛውሩት ግን ይችላሉ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት በገመድ ላይ የታሰረ ላባ ወይም ጨርቅ እየጎተቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል አሯሩጡት፤ በመጨረሻ እንዲይዘው ይፍቀዱለት፤ ወዲያውም የማታ ምግቡን ይስጡት። አድኖ፣ ይዞ፣ በልቶ፣ ራሱን ልሶ መተኛት የድመት ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ስለሆነ ሌሊቱ ረጋ ይላል። ላባውንና ገመዱን ከጨዋታው በኋላ በተዘጋ ቦታ ያስቀምጡ።

በሦስት ወሩ ላይ መናከሱ ሌላም ምክንያት አለው። 26ቱ የወተት ጥርሶች ከሦስትና ከአራት ወር ጀምሮ እየወለቁ፣ ስድስትና ሰባት ወር ሲሞላው 30 ቋሚ ጥርሶች ይተኳቸዋል፤ በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ይህኛው በራሱ ያልፋል። በራሱ የማያልፈው ግን የሰው እጅ መጫወቻ ነው ብሎ መልመዱ ነው። ልጆች በጣታቸው እያጫወቱት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ፤ አሁን የሚያስቀው ንክሻ ግልገሉ ሲያድግ ደም የሚያፈስ ይሆናል። ሲነክስ እጅን ነጥቆ መሸሽ አደኑን ያጋግለዋልና እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ያቆዩት፤ ሲለቅ ፊትዎን አዙረው ጨዋታውን ያቋርጡ፤ ትንሽ ቆይተውም የሚያኝከውን መጫወቻ ያቅርቡለት። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምላሽ ካልሰጠ ግን ግልገሉ ምንም አይማርም።

ሶፋውን በተመለከተ፣ መቧጨርን መከልከል አይቻልም፤ መከልከልም የለበትም። ድመት የሚቧጭረው ያረጀውን የጥፍር ሽፋን ለማውለቅ፣ ጀርባውን ለመዘርጋትና በመዳፉ ሥር ካሉት ዕጢዎች ሽታውን ለማኖር ነው። ስለዚህ በሲሳል (በቃጫ) ገመድ የተጠቀለለ፣ ቆሞ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋበት የሚችል፣ ሲደገፉበትም የማይነቃነቅ ምሰሶ ያቁሙለት። ብዙ ሰው ምሰሶውን ማንም በማያየው ጥግ ይሸሽገውና ድመቱ አልተጠቀመበትም ብሎ ያማርራል፤ ቦታው ግን ከሚቧጭረው የሶፋ ክንድ አጠገብ ነው። የሶፋውን ክንድ ለጊዜው በሚያንሸራትት ነገር ይሸፍኑት፤ ምሰሶውን ሲነካ ምግብ ይስጡት ወይም ያመስግኑት። የጥፍሩን ሹል ጫፍ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ መቁረጥም ይረዳል፤ በውስጡ ሮዝ ሆኖ የሚታየው ክፍል የደም ሥርና ነርቭ ስላለበት መነካት የለበትም። ጥፍርን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ የሚባለው ነገር የእያንዳንዱን ጣት የመጨረሻ አጥንት መቁረጥ በመሆኑ በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው፤ ማንም ቢመክርዎት አይቀበሉት። መጋረጃውን ለጥቂት ወራት ወደ ላይ ሰብስበው ይሰሩት፤ የሚወጣበት ከፍ ያለ መደርደሪያም ይስጡት።

በእኔ እምነት ግን ትልቁ መፍትሔ ሁለተኛ ግልገል መጨመር ነው። ግልገሎች እርስ በርስ ሲታገሉ ንክሻቸው ምን ያህል እንደሚያሳምም ከጓደኛቸው ጩኸት ይማራሉ፤ ብቻውን ያደገ ይህን ትምህርት ከሰው እግር ላይ ይማራል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለጥያቄያችሁ ስመልስ፣ ያለን አንድ ሳጥን ሲሆን የተቀመጠው በማእድ ቤት ከምግቡ ሳህን አጠገብ ነው፤ አሸዋውም ሽቶ ያለው ነው። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ በዚህም ምክንያት ዘመዶቻችን ግልገሉን ከቤት እንድናስወጣ አጥብቀው እየጠየቁን ነው። ልጆቻችን በጣም ስለለመዱት ይህን ማድረግ ይከብደናል፤ የእሷ ጤና ግን ከሁሉ ይቀድማል። እውነት አብረው መኖር አይችሉም?

ሦስተኛው መልስ፣ ከእንስሳት ሐኪም

እንኳን ደስ አላችሁ። አብረው መኖር ይችላሉ፤ ጥንቃቄው ግን በቁም ነገር መያዝ አለበት። ዘመዶቻችሁ የሚፈሩት በሽታ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይባላል፤ የሚመጣውም በዓይን ከማይታይ ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። አንዲት ሴት በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ፍርሃቱ መሠረት አለው። ድመት ጥገኛ ተሕዋሲውን የሚያገኘው ጥሬ ሥጋ በመብላት ወይም አይጥና ወፍ በማደን ነው፤ ከተያዘ በኋላ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ገደማ እንቁላሉን ከሰገራው ጋር ያስወጣል። ለእናንተ ዋናው ቁም ነገር እነዚህ እንቁላሎች እንደወጡ ወዲያው የማይተላለፉ መሆናቸው ነው፤ ሰውን ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ሰገራው በየቀኑ ከተነሣ አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ሥራውን እርስዎ ይሥሩት፤ ባለቤትዎ ሳጥኑን አይንኩ። የሚረዳ ሰው የጠፋበት ቀን ቢኖር ጓንት አድርገው፣ ከዚያም እጃቸውን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ። ግልገሉ ከቤት አይውጣ፤ ጥሬ ሥጋም አይስጡት።

ከሳጥኑ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ በጥቂት ቃላት ያለፉት የአበባ ማሰሮ ነው። ግልገሉ አፈሩን የሚዝቀው ሊጸዳዳበት ከሆነ፣ እዚያ የተቀበረው ሰገራ በየቀኑ የሚነሣ ስላልሆነ እንቁላሎቹ ለመብሰል ጊዜ ያገኛሉ፤ ባለቤትዎ አበባ ሲንከባከቡ እጃቸው የሚገባው ደግሞ እዚያ ነው። የማሰሮዎቹን አፈር ዛሬውኑ ይቀይሩ፤ ላዩንም ግልገሉ ሊያነሣቸው በማይችል ትላልቅ ጠጠሮች ይሸፍኑት። ሰዎች በዚህ በሽታ የሚያዙት በደንብ ያልበሰለ ሥጋ በመብላት፣ ያልታጠበ አትክልት በመመገብና አፈር በመንካትም ጭምር ስለሆነ፣ ድመቱን አስወጥቶ እነዚህን መዘንጋት ጥበቃ አይሆንም። ባለቤትዎ በእርግዝና ክትትላቸው ላይ ቤት ውስጥ ድመት እንዳለ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ቀድሞ ተይዘው እንደነበር በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል።

ማሰሮዎቹን ሲያዩ ሊሊ የተባለው አበባ ካለ ከቤት ያውጡት። ቅጠሉ፣ አበባው፣ የአበባው ብናኝ፣ የተቀመጠበት ውኃ እንኳ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት ይገድላል። ፓራሲታሞልም ለሰው የተለመደ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ድመትን ይገድላል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጡት ፐርሜትሪን ያለባቸው መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። የስፌት ክር፣ ሪባንና ገመድ ሲዋጥ አንጀትን እየሰበሰበ ሊቆርጥ ይችላል፤ ከአፉ ወይም ከመቀመጫው ክር ተንጠልጥሎ ካዩ ሳይጎትቱ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ስለ ሁለተኛው ግልገል፣ ሐሳቡ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ ለእናንተ ግን አሁን አልመክርም። አዲስ ድመት ማለት አዲስ ሰገራ፣ ታሪኩም ያልታወቀ ሆድ ነው፤ ምንጣፉም ገና አልተስተካከለም። ከወሊድ በኋላ ሊያስቡበት ይችላሉ።

ግልገሉን ከአራት እስከ አምስት ወሩ ሲሆን ያስመክኑት። ወንድ ድመት ለአቅመ ተራክቦ ሲደርስ ግድግዳና ዕቃ ላይ ቆሞ ሽንት መርጨት ይጀምራል፤ ሽታው ከአሁኑ የከፋ ነው፤ ልማዱ ከመጀመሩ በፊት ማምከን ደግሞ ከጀመረ በኋላ ለማስተው ከመድከም እጅግ ይቀላል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሳጥኑንና ምንጣፉን አስተካክላችሁ ሳለ ከሳጥኑ ውጭ መሽናቱን ከቀጠለ የሽንት ምርመራ ይደረግለት። ደጋግሞ ሳጥን ውስጥ እየገባ ጠብታ ብቻ የሚያወጣ፣ ሲያምጥ የሚጮኽ ወይም ምንም የማይወጣው ወንድ ድመት ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ከሆነ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

የመጀመሪያው መላሽ በድጋሚ

ሐኪሙ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። ድመት በሚበላበት አጠገብ መጸዳዳትን ስለማይወድ ሳጥኑ ከማእድ ቤት ቢወጣ ይሻላል፤ ስለ ማውጣቱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በአንድ ቀን አያዛውሩት። አዲሱን ሳጥን ሽቶ በሌለው አሸዋ ሞልተው ወደ መኝታ ክፍሉ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ያኑሩ፤ አሮጌውን ለጊዜው ባለበት ይተዉት፤ የምግቡን ሳህን ብቻ ከእሱ ያርቁ። በአዲሱ ውስጥ ከአሮጌው ጥቂት እርጥብ አሸዋ ቢጨምሩበት ለምን እንደተቀመጠ ከሽታው ይረዳል። ከበላና ከእንቅልፉ ከነቃ በኋላ ወስደው ያስገቡት፤ ሲጨርስ ወዲያው ትንሽ የሚወደው ምግብ ይስጡት። አዲሱን ያለማቋረጥ መጠቀም ሲጀምር አሮጌውን በየቀኑ ጥቂት እርምጃ እያራቁ ጸጥ ወዳለ ሌላ ቦታ ይውሰዱት፤ ምንጣፉ ላይ በዚህ መካከል እንደገና ከሸና ማዛወሩን አቁመው ሳጥኑን መጨረሻ በተጠቀመበት ቦታ ላይ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት።