ማራኬሽ ስጋጃ ለምትገዢው እህት

ሞሮኮ ውስጥ የአማዚግ ስጋጃ የት ይገዛል ላልሽው፣ እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ፣ አንዴ ደግሞ ቀንቶኛል። ሁለቱንም ልንገርሽ።

አማዚግ ያልኩት በርበሮቹን፣ የሰሜን አፍሪካን ነባር ሕዝብ ነው። በርበር ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። ስጋጃውን የሚሸምኑት ሴቶቹ ናቸው። እኛ ጋ ሸማኔ ሲባል ወንድ ስለሚታየኝ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። (የመንዙ በርኖሳችንም ከእነሱ የሱፍ ካባ ጋር አንድ ስም ነው!)

የተሸወድኩት ማራኬሽ ነው። ራህባ ቅዲማ አደባባይ አጠገብ ያለው የስጋጃ ገበያ ምርጫው ዓይን ያጠግባል። ቦታው እስከ 1912 ድረስ ባሪያ ይሸጥበት ነበር። አንዱ ሱቅ ሻይ በናና አጠጥቶ "የቁልቋል ሐር" ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ ባቃጥለው እንደ ወረቀት ሸተተ። ለካ ሐርም ሱፍም አይደለም፤ በዚያ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ሬዮን የሚባል የፋብሪካ ክር ነው! ሱፍ ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ነበር የሚሸተው። እዚያው ከመክፈልሽ በፊት አንድ ክር ለኩሺ። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽም እሺው፤ ቀለሙ ከለቀቀ ተዪው። "የመቶ ዓመት ነው" ካሉሽ ደግሞ ፈገግ በዪና እለፊ፤ ፀሐይ ላይ አስጥተው ወይ በበረኪና አጥበው የሚያስረጁት አለ።

ዓይነቱን ለይተሽ ሂጂ። ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ በጥቁር መስመር በሹሉ የቆሙ አራት ማዕዘኖች ያሉበት ቤኒ ዋራይን ነው። የመጣው ከመካከለኛው አትላስ ነው። እዚያ ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ሰዎቹ ለብሰውት ይተኙ ነበር። አዚላል ቀለማም ነው። ቡሸርዊት ከአሮጌ ልብስ ቅዳጅ ይሠራል። እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ግን በሱፍ ዋጋ እንዳትገዢው።

የቀናኝ ታዝናክት የምትባል ከተማ ነው። ከማራኬሽ በቲዚ ንቲሽካ ጠመዝማዛ መንገድ ዋርዛዛት ትደርሺያለሽ፤ ከዚያ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሴቶች ማኅበራት አሉ። የሸመነችው ሴት ራሷ አጠገብሽ ተቀምጣ የጥለቱን ትርጉም ትነግርሻለች፤ ቡዳ ይከላከላል የሚባለውን ሳይቀር። ዋጋውም ቀጥታ ለሷ ነው የሚደርሰው። ክርክሩ አጭር ነው፣ እኔም ብዙ ለመቀነስ አፌ አልፈታ አለ።

ጊዜ ከሌለሽ አኑ የሚባለው የባለሙያዎቹ የኦንላይን ገበያ አለ። እጅሽ ሳይነካው መግዛት ካላስጨነቀሽ ጥሩ ነው።

ቤኒ ዋራይን ከመረጥሽ ሻንጣሽን ባዶ አድርጊ። ሲጠቀለል ትንሽ ይመስላል፣ ኤርፖርት ሚዛን ላይ ግን ጉድ ያፈላል።