አንቴናው ቢነቀልም ቢሰካም መስመሩ ያው ነው (የፕላዝማ ኢምፒዳንስ ፕሮብ)

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልን። በአዮኖስፌር (ነፃ ኤሌክትሮን ያለው ጋዝ፣ ማለትም ፕላዝማ፣ በሚገኝበት የላይኛው ከባቢ አየር) ውስጥ የኤሌክትሮን ጥግግት ለመለካት ለትንሽ ሳተላይት የሚሆን ፕሮብ እየሠራን ነው። የአንቴናው ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለው ተቃውሞ) ጫፍ የሚያወጣበትን ፍሪኩዌንሲ አንብበን ጥግግቱን ልናሰላ ነው ሐሳባችን። አንቴናው ዳይፖል ነው፤ እያንዳንዱ ክንድ 50 ሳ.ሜ ርዝመትና 3 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የናስ ዘንግ። በ1 ሜትር ኮአክሲያል ገመድ ከቪኤንኤ (ኢምፒዳንስን በየፍሪኩዌንሲው ከሚለካ መሣሪያ) ጋር አገናኝተን ከ1 እስከ 20 ሜጋኸርዝ ስንለካ፣ አንቴናው ኖረም አልኖረም ልዩነት የለም። ፕላዝማ ፈጥረን የምንሞክርበት የቫኪዩም ታንክም የለንም።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት
ገመዱ ነው የዋጠባችሁ። የዳይፖላችሁ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) 3 ፒኮፋራድ ገደማ ነው፤ ገመዱ ብቻውን 100 ገደማ ይይዛል። በዚያ ላይ 3 ፒኮፋራድ በ3 ሜጋኸርዝ 18 ኪሎኦም ያህል ስለሆነ፣ 50 ኦም ለሚያውቅ ቪኤንኤ ክፍት ሽቦ ማለት ነው። ሲግናሉን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር አሳልፋችሁ ለአንቴናው ስጡ፤ ቮልቴጁን ደግሞ አንቴናው እግር ሥር በተቀመጠ የጄፌት (ከሚለካው ነገር ከረንት እምብዛም የማይስብ ትራንዚስተር) ማጉያ አንብቡ። ገመዱ ከማጉያው በኋላ ይምጣ። ብየዳው ሲያልቅ ቦርዱን በአልኮል እጠቡት፣ በደንብም ይድረቅ። በተረፈ የብየዳ ቅባት ላይ የእናንተ አገር ጉም ሲያርፍበት ከረንት ያሾልካል።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ
ታንክ ባይኖርም መሞከር ይቻላል። ቀዝቃዛ ፕላዝማ ለአንቴናው የሚታየው ከራሱ ካፓሲታንስ ጎን ኮይል እንደታሰረ ሆኖ ነው። ለ3 ፒኮፋራድ 1 ሚሊሄንሪ ያህል ያስፈልጋል፤ ግን እንዲህ ያለ ኮይል የገዛ ጥቅሉ ካፓሲታንስ ከአንቴናው ሊበልጥ ስለሚችል ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ አንቴናውን አንሡና 30 ፒኮፋራድ ማይካ ካፓሲተርና 100 ማይክሮሄንሪ ኮይል ጎን ለጎን እሰሩ። ጫፉ 2.9 ሜጋኸርዝ ላይ መውጣት አለበት። 2.5 ላይ ከወጣ 10 ፒኮፋራድ ገደማ ከሆነ ቦታ ገብቷል፤ ፈልጉት። ከኮይሉ ጋር በተከታታይ 10 ኦም ስትጨምሩ ኤሌክትሮኑ በሰከንድ 100,000 ጊዜ የሚጋጭበትን ፕላዝማ ትመስላላችሁ፤ ጫፉ ያጥራል፣ ይሰፋል። የኮይሉን የራሱን ሬዚስታንስ ከ10ሩ ውስጥ ቁጠሩት።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥግግቱን ለማግኘት የጫፉን ኪሎኸርዝ ለ9 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት፣ ላይ አዮኖስፌር ውስጥም ይሠራል?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት
እንዳለ አይሠራም፤ የምድር መግነጢስ አለ። 30,000 ናኖቴስላ ብንይዝ፣ በ28 ኸርዝ ሲባዛ ኤሌክትሮን በመግነጢሱ ምክንያት የሚዞርበት ፍሪኩዌንሲ 0.84 ሜጋኸርዝ ነው። ጫፉ የሚወጣው የዚህና የፕላዝማው የራሱ ፍሪኩዌንሲ ካሬ ተደምሮ፣ የድምሩ ካሬ ሥር በሚሰጠው ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው። ስለዚህ 2.96 ካነበባችሁ ከካሬው የ0.84ን ካሬ ቀንሳችሁ የቀሪውን ካሬ ሥር ውሰዱ፤ የፕላዝማው 2.84 ይሆናል፣ ማለትም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 100,000 ኤሌክትሮን። ካልቀነሳችሁ 9 በመቶ ታበዛላችሁ፤ ሌሊት ጥግግቱ ሲሳሳ ስህተቱ ይብሳል። ከጫፉ በታች የሚታየውን ጉድጓድ ለጥግግት አትጠቀሙበት፤ በዘንጉ ዙሪያ ኤሌክትሮን የሸሸበት ሽፋን ያንቀሳቅሰዋል።