ዐይኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት በያጅ፦ እዚሁ ላንሳት ወይስ ልላከው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለቤቱ። የምሠራው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ዛሬ አንድ በያጅ መጣ። ትናንት ሥራ ላይ እያለ "ቀኝ ዐይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ" ይላል። ዐይኑ ቀልቷል፣ ያነባል። እይታው በቀኙ 6/12 (ቀንሷል)፣ በግራው 6/6 (ሙሉ) ነው። ኮርኒያው (ከፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን) ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች፤ ቴትራኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ጠብ አድርጌ በእርጥብ ጥጥ ብነካት አልነቃነቅ አለች። ስሊት ላምፕ (ዐይንን አጉልቶ ማያ መሣሪያ) የለንም። በመርፌ ጫፍ ላንሳት? ማደንዘዣውንም "ይዤው ልሂድ" ብሎ አስቸግሮኛል።

የዐይን ነርስ፦ እህቴ፣ መርፌውን አስቀምጪ! በግራይንደር ነበር የሚሠራው ወይስ በመዶሻ ብረት እየመታ? የግራይንደር ፍንጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ላይ ላዩን ተጣብቆ ይቀራል። ብረት በብረት ሲመታ የሚፈናጠረው ግን ዐይን በስቶ ሊገባ ይችላል፤ ሕመሙ ቀላል መሆኑ አያዘናጋሽ። ብሌኑን ከግራው ጋር አስተያዪው። ክብነቱን ትቶ ወደ ነጥቧ ከተሳበ፣ ያቺ ነጥብ ብረት ሳትሆን የተበሳውን ቀዳዳ የወተፈ አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል) ልትሆን ትችላለች። እሷን ጎተትሽ ማለት...

ጤና መኮንን፦ ማደንዘዣውን በፍጹም እንዳትሰጪው። ሕመሙ ሲጠፋለት ደጋግሞ ይጨምራል፣ ኮርኒያው ሳይድን ይቆስላል። መበሳት ካልጠረጠርሽ ብቻ የላይኛውን የዐይን ቆብ ገልብጪ፤ በፍሎረሲን (ጭረት በሚያሳይ ቀለም) ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ከታየ ጉዱ ከቆቡ ሥር ነው።

ከደምቢያ፦ ከርዕሱ ብወጣም፣ እኛ ጋ በአውድማ ወቅት የሚመጣው የጤፍ እብቅ ነው። የእህል ነገር ፈንገስ ያመጣልና ዐይኑን በፋሻ አትሸፍኑ፣ ስቴሮይድ (ብግነት ማብረጃ) ያለበት ጠብታም አትስጡ።

ጠያቂዋ፦ ጠየቅኩት። የዛገ ብሎን በመሮና በመዶሻ ሲያስለቅቅ ነው! ብሌኑም እንደ እንባ ጠብታ ሾጥጧል። እኔ ደግሞ በጥጥ ነክቼዋለሁ፣ ወይኔ።

የዐይን ነርስ፦ በቃ፣ ከእንግዲህ አትንኪው። ጠብታም ቅባትም አይግባ፤ በፋሻ ጨምቀሽም አትሰሪው። የዐይን መከለያ ከሌለሽ የወረቀት ስኒ ታችኛውን ግማሽ ቆርጠሽ ክደኚበት፤ ጠርዙ በዐይኑ ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ይረፍ እንጂ ዐይኑን አይንካ። የቴታነስ ክትባቱን እዪ። ካስመለሰው ፀረ ማስመለሻ ስጪው፤ ማማጥ ዐይኑን ይጎዳል። ቀዶ ሕክምና ሊኖር ስለሚችል ምግብ አይቅመስ። "ብረት በብረት ሲመታ" ብለሽ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፊ፤ ኤክስሬይ ያነሡታል፣ ኤምአርአይ ግን በማግኔት ስለሚሠራ ክልክል ነው። ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን የዐይን ሐኪም መኖሩን ደውለሽ ጠይቂ፤ ዛሬውኑ ይሂድ።

ጠያቂዋ፦ በባጃጅ ከወንድሙ ጋር ሄዷል። ስኒው ጠርዙ ላይ ትንሽ ይቆረቁራል ስላለኝ ጥጥ ዙሪያውን ለጠፍኩለት።