በእስክሪብቶ የሣልኩት ግመል «ሥዕል አይደለም» ተባለብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ውስጥ ሥዕል የምንወድ ልጆች ተሰባስበን በየወሩ በአንድ ርዕስ እንሥላለን። ቻሌንጅ እንበለው እንጂ ሽልማት የለውም። ሠርተህ ታሳያለህ፣ ሰው አስተያየት ይሰጥሃል፣ በቃ። የዚህ ወር ርዕስ «የባቲ ሰኞ ገበያ» ነው። በምን ይሣል የሚል ደንብ የለም።

እኔ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሣልኩ። ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ነው፣ መስመሩ ሁሉ ይታያል። አንዲት ግመል ልትንበረከክ ስትል፣ ባለቤቷ ገመዷን ይዞ፣ ከኋላ ሸራ የወጠሩ ነጋዴዎች። አራት ማታ ፈጀብኝ። ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው በዘይት ቀለም የሚሠራ አንድ አባል «ይሄ የደብተር ጭርጭር ነው። ሸራ ላይ ስትሠሪ ነይ» አለኝ። አስራ አንድ ሰው ላይክ አደረገለት። (ሸራ ከፈለጉ ከግመሏ ጀርባ አለላቸው!) በስልክ የሣለ ሌላ ልጅ ደግሞ «ስልኩ ነው የሣለው» ተባለና ከግሩፑ ወጣ።

ሥዕሉን ላንሳው ወይስ ልተወው? ዘይት ቀለም ለመጀመርስ ምን ያህል ይከብዳል? ተማሪ ነኝ፤ ቀለምና ሸራ ግዙልኝ ብዬ እናቴን አላስቸግራትም። አስተባባሪዎቹንስ ምን ልበላቸው? አልቃሻ እንዳልባል ፈራሁ።

መልስ፦ የሐይቅ ዳር

አብሽሪ እህቴ፣ እንዳታነሺው! ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየ የብራና ወንጌል አለ። የአባ ኢየሱስ ሞአ ሥዕል አለበት። ብራናው የእንስሳ ቆዳ ነው። የድሮ ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ነበር የሚያዘጋጁት፣ ብዕሩም መቃ ነው። ጥላሸት ስል እናትሽ ከምጣዷ ሥር ፍቃ የምትጥለውን ማለቴ ነው። ያን ጊዜ «በዘይት ቀለም ካልሆነ» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ምን እናይ ነበር?

በዘመናችንም ኤልያስ ስሜን ተመልከቺ። ከተጣለ ኮምፒውተር የወጣ ሽቦና ሰሌዳ እየደረደረ ነው ዓለም ያወቀው። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ቆዳ ላይ ሠርቷል።

መልስ፦ ቀለም ቀቢ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ እኔ ራሴ የዘይት ቀለም ሰው ነኝ፤ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የሰደበሽን ሰው አልደግፍም። ግን «መሣሪያ ምንም ለውጥ የለውም» የሚለውንም አልቀበልም። በእስክሪብቶ የተሰመረ አይጠፋም። ዘይት ቀለም ሲሳሳቱ ይፋቃል፣ በላዩ ይደረባል። ስልክ ላይ ደግሞ አንድ ነካ አድርጎ መመለስ ነው። እንግዲህ ማን ነው የከበደው መንገድ ላይ ያለው? የሰደበሽ ሰው ይህን ቢያስብ አፉን ይይዝ ነበር።

አሁን ወደ ዘይት ቀለም አትሩጪ። ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው። ቀጭኑ ቀናት ይፈልጋል፣ ወፍራሙ ሳምንታት። በደሴ ብርድ ደግሞ ይብሳል። ብሩሽ የሚታጠብበት ተርፔንታይን ይሸታል፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይሆንም። ጥቁርና ነጭ ለመልመድ ከሰል ይበቃል። የምድጃ ከሰል ወረቀት ይቧጭራል፣ ስለዚህ ለስላሳውን ቀጭኑን ምረጪ። ቡናማ ጥላ ካማረሽ ወፈር ያለ ቡና በውሃ እያቀጠንሽ በብሩሽ ቀቢ። እኔ ዛሬም ንድፌን በቡና ነው የምሠራው፣ ቤተሰቤ ይስቅብኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የእስክሪብቶ ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀይው። ፎቶውን ዛሬውኑ አንሺ።

መልስ፦ ስልኬ ሸራዬ (ወልዲያ)

ያ ልጅ ከግሩፑ መውጣቱ አናደደኝ። እኔም በጣቴ ነው የምሥለው፤ ስታይለስ (የስልክ ብዕር) እንኳ የለኝም። ዴቪድ ሆክኒ የሚባለው እንግሊዛዊ ሰዓሊ በ2009 እ.ኤ.አ. ሰባ ዓመት አልፎት በአይፎን መሣል ጀምሯል። ታዲያ «ስልኩ ነው የሣለው» ያለው የለም።

ለልጁ ንገሪልኝ፦ አይቢስ ፔይንት የሚባለው መተግበሪያ ሥዕሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደተሣለ በቪዲዮ ይቀዳል። እሱን አብሮ ይለጥፍ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ካለ ይከራከር።

ላንቺ ደግሞ፦ ፎቶ ስታነሺ ፍላሽ አጥፊ። የእስክሪብቶ መስመር ያብለጨልጫል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርገሽ አንሺ።

መልስ፦ ቀለም ቀቢ (ኮምቦልቻ)

ስልኬ ሸራዬ፣ ቪዲዮው ጥሩ ሐሳብ ነው። በስልክ ፎቶ ላይ አስደግፎ የሚቀዳ ሰው መኖሩን አንተም ታውቃለህ። ጥርጣሬው ከዚያ ነው የመጣው።

መልስ፦ ስልኬ ሸራዬ (ወልዲያ)

አውቃለሁ ጋሼ። ፎቶ አትሞ ሸራ ላይ የሚገለብጥም አለ፤ እሱን ግን ማንም ቪዲዮ አምጣ አይለውም።

መልስ፦ ድሮ አስተባባሪ

እኔ እንዲህ ያለ ስብስብ ሁለት ዓመት መርቻለሁ። ጥፋቱ የአስተባባሪዎቹ ነው። ኢንክቶበር የሚባለውን የኦክቶበር ወር የሥዕል ቻሌንጅ በ2009 እ.ኤ.አ. ጄክ ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሰዓሊ ሲጀምረው በቀለም ብዕር መሣልን ለመለማመድ ነበር። ስሙ ራሱ መሣሪያውን ይናገራል፤ «ኢንክ» የብዕር ቀለም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ጥሩ፣ ሁሉም አውቆ ይገባል። የእናንተ ርዕስ ግን ገበያ ነው እንጂ ሸራ አይደለም። ያልተጻፈ ደንብ ሰው ሥራውን ካቀረበ በኋላ አይወጣም።

ስሞታ አታብዢ። በውስጥ መስመር ይህን ላኪላቸው፦

«የዚህ ወር ርዕስ ሲወጣ የመሣሪያ ገደብ አልተጻፈም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ገደብ ካለ ከርዕሱ ጋር አብሮ ይጻፍልን። ከሌለ እያንዳንዱ ሰው በምን እንደሠራ ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ፣ አስተያየቱም ሥዕሉ ላይ ይሁን።»

የሰውየውን ስም አትጥሪ። «የዘይት ቀለም ለብቻ፣ የስልክ ለብቻ ይሁን» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ እኛ ሞክረነው ነበር። በሁለተኛው ወር የስልኩን ክፍል የሚያየው ሰው ጠፋ። ጓዳ ሆኖ ቀረ።

መልስ፦ የባቲ ልጅ

እኔ ሥዕል አላውቅም። ወላሂ ፎቶውን ሳየው ግን ገበያው ትዝ አለኝ፣ የሰውየው ገመድ አያያዝ ልክ ነው። አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሚኝ። ግመል ስትንበረከክ መጀመሪያ የምታጥፈው የፊት ጉልበቷን ነው። የኋላው ከዚያ ይከተላል። ስትነሳ ደግሞ ከኋላዋ ነው ቀድማ የምትቆመው። አንቺ የኋላውን አጥፈሽ የፊቱን ቀጥ አድርገሽዋል። እንዲህ የሚቀመጠው ውሻ ነው። 😄

ከኋላ የምትሄደዋን ሁለተኛ ግመልም እያት። ግመል ስትራመድ የአንድ ጎን ሁለት እግሯን ተከታትላ ነው የምታነሳው፤ ለዚህ ነው የተቀመጠባትን ሰው ግራና ቀኝ የምታወዛውዘው። ያንቺዋ እንደ አህያ እየሄደች ነው።

ጠያቂዋ፦ ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

የባቲ ልጅ፣ አላህ ይስጥህ! ደጋግሜ አየሁት፣ እውነትም ውሻ ነው። «ጭርጭር» ያለኝ ሰውዬም፣ ላይክ ያደረጉለት አስራ አንዱም ጉልበቷን አላዩትም። እኔም አላየሁትም፤ ከፎቶ ሳይሆን ከሐሳቤ ነበር የሣልኳት።

ጋሼ፣ ስለ ከሰሉና ስለ ቡናው አመሰግናለሁ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ፎቶ አንስቼ ወረቀቱን ደብተር ውስጥ ከትቼዋለሁ። መልእክቱን ለአስተባባሪዎቹ ልኬያለሁ፣ «እንነጋገርበታለን» ብለዋል። ለልጁም ስለ ቪዲዮው ነግሬዋለሁ፣ እስካሁን ዝም ነው። ሥዕሉን አላነሳሁም። ከሥሩ «ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የደብተር ወረቀት» ብዬ ጨመርኩበት።

ወሩ ሊያልቅ ገና ዘጠኝ ቀን አለው። አክስቴ ሰኞ ባቲ ገበያ ትወርዳለች፣ ተከትያት እሄዳለሁ። ሁለት እስክሪብቶ ገዝቻለሁ፤ አንዱ ጥቁር ነው።