ፒ-51 ሙስታንግ፦ የክንፉን መስመሮች ልድፈናቸው ወይስ ልተዋቸው?

የሌሊት ሠሪ
ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን የሆነውን የፒ-51ዲ ሙስታንግ ሞዴል፣ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰውን (1 ለ 48)፣ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የምሠራው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ኮክፒቱ፣ ማለትም የአብራሪው ክፍል፣ አልቋል። የመቀመጫውን ቀበቶ ከቀጭን ፎይል ቆርጬ አጠፍኩት። የእውነተኛው ወለል ኮምፔንሳቶ ስለነበረ ጥቁር ቀባሁትና አብራሪው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ እንጨቱ ብቅ እንዲል አደረግኩ። እሱን ሳየው ደስ ይለኛል።

ችግሬ ክንፉ ነው። ሙሉውን ብር ቀብቼ፣ የመጋጠሚያ መስመሮቹ እንዲወጡ ቀጠን ያለ ጥቁር ቀለም አፈሰስኩባቸው። አካሉ ላይ አምሯል። ክንፉ ግን መረብ የተዘረጋበት መሰለ። ሁለት ሌሊት አፍጥጬ አየሁት፣ አልዋጥልህ አለኝ። ላደብዝዘው ወይስ ጭራሽ ላጥፋው? ቀጥሎ በጁን 1944 ለኖርማንዲ ማረፊያ የተቀባውን ጥቁርና ነጭ መቀነት ልለጥፍ ነው፣ ከዚያ በፊት ንገሩኝ።

ግራጫ ፕራይመር
አታጥፋው። ጥቁሩ ነው የበዛብህ። በጥቁር ፋንታ ግራጫ ተጠቀም፣ ይለሰልሳል።

ስቱኮና ምላጭ
ወንድሜ፣ ዓይንህ አልዋሸህም። ግራጫም ብታደርገው ያው ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ መስመር መታየት የለበትም።

የሙስታንግ ክንፍ የተነደፈው አየሩ ሳይረበሽ እንዲንሸራተትበት ነው። አንዲት የሪቬት (ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዘው ምስማር) ራስ እንኳ ያንን ታበላሻለች። ስለዚህ ፋብሪካው የክንፉን የፊት ክፍል መጋጠሚያና ሪቬት በስቱኮ ደፍኖ፣ አለስልሶ፣ የብር ቀለም ይቀባው ነበር። አካሉ ግን ያልተቀባ አሉሚኒየም ነው። አየህ፣ አንድ አውሮፕላን ላይ ሁለት ዓይነት ብር አለ። አካሉ ያብረቀርቃል፣ ክንፉ ፈዘዝ ይላል። ይህንን ልዩነት ካወጣኸው ሞዴሉ ነፍስ ይዘራል።

እኔም የመጀመሪያዬን እንዳንተ ሠርቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። ዓመት ቆይቶ የጊዜውን ፎቶዎች በማጉያ መነጽር ሳይ ነው የገባኝ። ክንፉ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። የመትረየሱና የጥይቱ ክዳኖች፣ የነዳጁ አፍ፣ ከኋላ ደግሞ የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ፍላፑና ኤሌሮኑ፣ ይታያሉ። እነሱን እንዳትነካ።

ጥቁሩን በማሟሚያ ጥረገው። የክንፉ ብር አብሮ ቢነሣ አትጨነቅ፣ እንደገና ልትቀባው ነው። ስቱኮውን አቅጥነህ በስንጥር ጫፍ መስመሩ ውስጥ ብቻ አስገባ። ከዚያ ይደር። ስቱኮ ሲደርቅ ይሰምጣል፣ ተቻኩለህ ከቀባኸው መስመሩ ተመልሶ ይመጣብሃል። በማግስቱ ሁለተኛ ዙር ሙላና ባለ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርክ እሸው። በላዩ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን) ንፋበት፣ የቀረች ጭረት ካለች እዚያ ላይ ትታያለች።

ትንሿ ብሩሽ
ስለ መቀነቱ ልጨምር። ዲካሉን (የሚለጠፈውን) ተወውና ቀባው። የእውነተኛው እያንዳንዱ መቀነት ስፋት 18 ኢንች ነበር፣ በ1 ለ 48 ሲሆን 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሦስት ነጭ፣ ሁለት ጥቁር። ከኖርማንዲ ማረፊያ በፊት በጥድፊያ፣ ብዙ ጊዜም በእጅ ብሩሽ ነው የተቀባው። ስለዚህ ጠርዙ ትንሽ ቢዛነፍ እውነት ነው የሚመስለው።

ደግሞ አውሮፕላኑን ቆሞ ነው የምታሳየው? ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሃይድሮሊክ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያኔ ጎማው የሚታጠፍበት ቦታ የውስጥ ክዳኖች ይንጠለጠላሉ፣ ፍላፑም ዝቅ ይላል። ይህ የሙስታንግ መለያ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ።

የሌሊት ሠሪ
ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። መጀመሪያ ዙር ላይ አንድ መስመር ሰምጦ ቀረ፣ ልክ እንደተባለው። ሁለተኛው ላይ ጠፋ። ክንፉን ፈዘዝ ባለ ብር ቀባሁትና ከአካሉ ጎን ሳየው ሌላ አውሮፕላን መሰለኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

የጎማ ክዳኖቹን ዘግቼ አጣብቄያቸው ነበር። በምላጭ አላቀቅኳቸው፣ የአንዱ ማጠፊያ ተሰበረና በቀጭን ሽቦ ተካሁት። ፍላፑንስ ከየት በኩል ልቁረጥ?

ስቱኮና ምላጭ
ከታች በኩል። አዲስ ምላጭ ያዝ፣ ሳትጫን መስመሩን ደጋግመህ ሂድበት። ሃያ ጊዜም ቢሆን ታገሥ፣ ራሱ ይለያል።